የልጅ ቁመት ያህል ሰም

በቀለጠ ሰም ሥዕል መሳል የጀመርኩት ጡረታ በወጣሁ ማግስት፣ ባለቤቴ ካረፈች ገና ዓመት ሳይሞላ ነው። ሌላው ሰው ሐዘኑን በጸሎት ያሳልፋል፣ አንዳንዱም በጠላ ቤት። እኔ ስልክ ላይ አፍጥጬ አሳለፍኩት። ደባርቅ በክረምት ጭጋግ ነው፤ ከቤቱ በር ቆመህ አጥርህን አታየውም። ከተራራው የሚወርደው ብርድ ደግሞ ጋቢ ቢደርቡለትም አይመለስም። ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ኔትወርክ በመጣ ቁጥር፣ ያገኘሁትን ቪዲዮ ሁሉ አያለሁ። አንድ ቀን አንዲት ፈረንጅ ሰም አቅልጣ፣ ቀለም ለውሳበት፣ ጣውላ ላይ ስትቀባ አየሁ። ከቀባችው በኋላ እንደገና በሙቀት ታልፍበታለች፤ አዲሱ ሰም ከሥር ካለው ጋር ተዋህዶ ይቀራል። ፈጥና ስለምታወራ ግማሹ አመለጠኝ። እጇ ግን አይቸኩልም። ይህ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚፈጅ መሆን አለበት ብዬ አሰብኩ። እኔ ዘንድ ደግሞ የተረፈ ነገር ቢኖር ጊዜ ነው።

የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ፤ መጀመሪያ ዳባት፣ ቀጥሎ እዚሁ ደባርቅ። ከካርታ ያለፈ ሥዕል በዕድሜዬ ሞክሬ አላውቅም። ሰሌዳ ላይ የምስለው ካርታ እንኳ ለተማሪዎቼ መሳቂያ ነበር። ባለቤቴ በሕይወት ብትኖርና ብሩሽ ይዤ ብታየኝ ምን እንደምትል አውቃለሁ። «ደግሞ ምን ጀመረህ?» ነበር የምትለው።

ከሱቅ ሻማ ገዛሁ። ከአናጢው ሰፈር ቁራጭ ጣውላ ለመንኩ። የሰርዲን ጣሳ አጠብኩ፤ የግድግዳ ቀለም መቀቢያ ብሩሽ ከጓዳ አወጣሁ። ቀለም ከየት ይምጣ? አስተማሪነት ያተረፈልኝ ሀብት አንድ ካርቶን ባለቀለም ጠመኔ ነውና እሱን ወቀጥኩት። ጣሳውን ማንደጃው ላይ ጥጄ፣ ሰሙ ሲቀልጥ ጠመኔውን ነሰነስኩበት። ብሩሹን ነክሬ ወደ ጣውላው ሳመጣው ሰሙ መንገድ ላይ ረጋ። ፈረንጇ የምትሠራበት ቤት ሞቃት መሆኑን ያኔ ነው ልብ ያልኩት። እኔ ቤት ሰም ከጣሳ እስከ ጣውላ ለመድረስ ጊዜ አያገኝም። ጣውላው ላይ የደረሰውም ምድጃ ዳር የተፈናጠቀ ሽሮ መሰለ። ጠመኔው ሰም ሲነካው ቀለሙን ጣለ፤ ቀዩም ሰማያዊውም አንድ ዓይነት አመድማ ነገር ሆነ። በማግስቱ ጣውላውን አንስቼ ዘንበል ሳደርገው የለፋሁበት ሁሉ ተሰነጣጥቆ ጭኔ ላይ ረገፈ።

መቼም የማልረባ ግትር ነኝና ቀጠልኩ። ጣውላውን አስቀድሞ እሳት ዳር ማሞቅ እንደሚያስፈልግ ደረስኩበት። ባለቤቴ ቀሚሷን የምትተኩስበትን የከሰል ካውያ አውጥቼ፣ የተቀባውን በስሱ ሳልፍበት እንደሚዋሃድም አየሁ። የሱቅ ሻማ ግን መሰንጠቁን አልተወም። የንብ ሰም አይደለምና ብርድ ሲያገኘው ይሰበራል። ስለዚህ በገበያ ቀን ሚኒባስ ተሳፍሬ ዳባት ሄድኩ። አንድ ሻጭ ድቡልቡል ሰም አፍንጫዬ ድረስ አስጠግቶ አስሸተተኝ፤ ማር ማር ይላል። ቤቴ ገብቼ ሳቀልጠው ቤቱን የሞራ ሽታ ሞላው። ጣውላው ላይ ቀባሁት፤ ሦስት ቀን ጠብቄም አልደረቀም፣ ጣት ሲነካው ይቀባል። ተበላሁ ማለት ነው። ለማን ልናገር? የበሬ ሞራ በሰም ዋጋ ገዝቶ የመጣ መምህር ከጎረቤት መሳቂያ ከመሆን ዝም ቢል ይሻላል።

ጓዳ ውስጥ ንጹሕ ሰም እንዳለ ሁልጊዜም አውቅ ነበር። ያን እንዳልነካ ነው ዳባት ድረስ የተንከራተትኩት።

በተጋባን ሰሞን ባለቤቴ ለማርያም ተሳለች። ልጅ ብትሰጪኝ በቁመቱ ልክ ጧፍ አስገባለሁ አለች። ጧፍ የሚሠራው ከንብ ሰም ነውና ከጠጅ ቤቶች ሰፈፍ ትለምን ጀመር፤ ጠጁ ተጣርቶ የሚተርፈውን የማር አተላ። ታፈላዋለች፣ በሻሽ ታጠልለዋለች፣ ፀሐይ ላይ ታነጣዋለች። በጎድጓዳ ሳህን ካረጋችው በኋላ ገልብጣ አፈ ሰፊ ገንቦ ውስጥ ትከተዋለች። ለአራስ ልጅ ቁመት ጥቂት ሰም ይበቃል። ልጁ ግን ዘገየ፤ እሷም በየዓመቱ ትጨምርበታለች። «ተወልዶ ቢሆን ይሄኔ ወገቤ ይደርስ ነበር» ትላለች። ሌላ ዓመት ደግሞ «ትከሻዬ ይደርስ ነበር፤ ማርያም በሰሙ ሰሰትሽ እንዳትለኝ» ትላለች እየሳቀች። እኔም አብሬያት እስቃለሁ። ከዚያ አንድ ዓመት ሳትጨምር ቀረች። ለምን እንደተወችው አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልነገረችኝም። ገንቦው ተከድኖ ጓዳ ውስጥ ቀረ።

ልብሷን በአርባዋ ለድሆች ሰጥተናል። እጇ ያረፈበት፣ እንዳስቀመጠችው ያለ ነገር ያ ሰም ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ ልስል የምፈልገው እሷን ነው፤ ይህን ለራሴ ካመንኩ ቆይቻለሁ። በእሱ ብስል ስለቷን ማፍረስ መሰለኝ። ብተወውም እኔ እስክሞት ተከድኖ ሊቆይ፣ ከሞትኩ በኋላ የማያውቀው ሰው ሊጥለው ነው። ሰሙ የማን እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ።

የንስሐ አባታችን ሽማግሌ ናቸው፤ እሷ ካረፈች ወዲህም በየወሩ ጠበል ሊረጩልኝ ይመጣሉ። ረጭተው ሲጨርሱ ገንቦውን አውጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩት።

«አባ፣ ያልደረሰ ስለት ምን ይደረጋል?» አልኳቸው።

«የማን ስለት ነው ልጄ?»

ክዳኑን አነሳሁላቸው። ጎንበስ ብለው ብዙ አዩት።

«ይህን ሁሉ እሷ ናት ያጠራቀመችው?»

«እሷ ናት። ለልጅ ብላ።»

«ስለት እኮ የሚገባው ሲደርስ ነው። እመቤታችን ፈቃዷ አልሆነም፣ ባለቤትህም ልጅ አልተቀበለችም። ዕዳ የለባትም። ሰሙ የቤቱ ነው፤ ያሻህን አድርገው።»

«ሥዕል ልስልበት አስቤ ነው።»

«የቅዱሳን?»

«አይደለም አባ። የእሷን።»

«ታዲያ ምን ከፋ» አሉና መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሄዱ።

እውነቱን ለመናገር እንዲከለክሉኝ ነበር የፈለግሁት። ቢቆጡኝ፣ «የእመቤታችንን እንዳትነካ» ቢሉኝ፣ ሰሙ ትልቅ ነገር በሆነ። የዚያን ሁሉ ዓመት ልፋቷን ዕዳ የለባትም ብለው ዘጉት። እሳቸው ከበር እንደወጡ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ቤቱ ባዶ ስለሆነ ድምፄን መቀነስ እንኳ አላስፈለገኝም።

መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ስትወጣ ጀመርኩ። እኩለ ቀን ላይ ማንደጃውን ግቢ አወጣለሁ፤ ጣውላውን አሞቃለሁ፤ ጀርባዬን ለፀሐይ ሰጥቼ እቀመጣለሁ። የመጀመሪያውን ሰም ሳቀልጠው ግቢው ማር ማር አለ። ወዲያው ንቦች መጡ። ጣሳውን ይዞሩታል፣ ብሩሹ ላይ ያርፋሉ፣ ከሰሉ ሲሞቃቸው ይሸሻሉ። አልነደፉኝም። ከለቅሶው ወዲህ ከንስሐ አባቴ በቀር ቤቴ የመጣ እንግዳ ስላልነበረ ደስ አሉኝ። አነጋገርኳቸውም፤ ሰው ብቻውን ሲከርም እንዲህ ነው የሚሆነው።

ሽታው ጎረቤቴም ዘንድ ደረሰ። የባለቤቴ ወዳጅ ናት፤ ቡናም እህልም ሲወቅጡ አብረው ነበሩ። በአጥሩ በኩል ብቅ አለች።

«መምህር፣ ጧፍ እየሠሩ ነው እንዴ?»

«አይ፣ ሥዕል ነው።»

«በሰም?»

«በሰም።»

ጥቂት ቆማ አየችኝና «እግዜር ያጽናዎ» ብላ ተመለሰች። አብዷል ብላ ሳይሆን አይቀርም።

ጠመኔውን ተውኩት። ከመንገዱ ቁፋሮ ቀይ አፈር አምጥቼ ፈጨሁ፤ በወንፊት ነፍቼ ሰሙ ላይ ሳማስለው ደህና ቡኒ ወጣው። ጥቁሩን ከድስት ቂጥ ጥቀርሻ አገኘሁ። ነጭ ግን አላስፈለገኝም። ባለቤቴ ያነጣችው ሰም ምንም ሳይጨመርበት ለነጠላዋ ይበቃ ነበር።

ፊት መሳል አልችልም። ሞከርኩ፤ ዓይኑ ካውያው ሲያልፍበት ወደ ጉንጭ ይፈሳል። አንዱን ፊት ፍቄ ሌላ ቀባሁ፤ እሱም ማንንም አልመሰለም። የተፋቀው ሰም አፈርና ጥቀርሻ ስለተቀላቀለበት ለሁለተኛ ጊዜ ለነጠላ አይሆንም። ስለዚህ በተበላሸ ቁጥር ገንቦ ውስጥ እጄን እሰዳለሁ፤ በሰደድኩ ቁጥር ወደ ታች ይርቃል። ገንቦው እየጎደለ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ማቆም ግን አልቻልኩም። አንድ ቀን ተናድጄ ጣውላውን ወርውሬ፣ መልሼ አነሳሁት።

ኋላ ላይ ነው የገባኝ። እኔ እሷን አብዛኛውን ዘመን ያየኋት ከጀርባዋ ነው። እኔ የተማሪ ፈተና ሳርም እሷ በሩ ላይ ቆማ መንገዱን ታያለች፤ አንድ እጇን መቃኑ ላይ ታሳርፋለች፤ ነጠላዋ ከአንድ ትከሻዋ ሁልጊዜ ይንሸራተታል። «ብርድ አስገባሽ፣ ዝጊው እንጂ» እላታለሁ ቀና ሳልል። ያን ጀርባ ዓይኔን ጨፍኜም አውቀዋለሁ። በሩን በጥቀርሻ፣ መንገዱን በቀይ አፈር ቀባሁ፤ ነጠላዋን በንጹሑ ሰም ሽፋን በሽፋን ሠራሁት። ካውያውን በስሱ ሳልፍበት ከትከሻዋ ላይ ትንሽ ወደ ታች ፈሰሰ። ያ ስሕተት ነጠላዋን እንደ እሷ አደረገው፤ አልነካሁትም።

ጎረቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። ደጅ ላይ እንደቆመች እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እሷ ናት» አለች።

«መሰለሽ?»

«እሷ ናት እንጂ። ፊቷን ለምን አላዞሯትም መምህር?»

«አልችልበትም» አልኳት።

ሥዕሉን ሳሎን ሰቀልኩት። ማታ ማታ ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ የተሰማኝ ግን ሌላ ነው። ሥዕሉን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ግድግዳውም የእኔ፣ ማየቱም የእኔ። እሷ ከዚያ ሁሉ ሰፈፍ ማፍላት ምን አገኘች? ገንቦው ሥር የቀረው አንድ የሳህን ግልባጭ ሰም ነው። ሌላ ሥዕል ልጀምርበት ጣውላ አዘጋጅቼ ነበር፤ እጄም ለምዶ ነበር። ጣውላውን መልሼ ከግድግዳው ጋር አስደገፍኩት።

በቀረው ሰም ጧፍ ልሠራ መሆኑን ስነግራት ጎረቤቴ የፈተለችውን የጥጥ ክር ሰጠችኝ።

«በስንት ቁመት ነው የሚሠሩት?» አለችኝ።

«አሁን የተወለደ ልጅ ስንት ይሆናል?»

አየችኝ። የገንቦውን ነገር ከእኔ እኩል ታውቃለች። ክንዷን ዘረጋችና ከክርኗ እስከ ጣቷ ጫፍ አሳየችኝ፤ ትንሽ ጨምራ። በዚያው ልክ ክሩን ቆረጥን። ሰሙ በቃው፤ ምንም አልተረፈም።

በማርያም ቀን በነጠላዬ ሸፍኜ ይዤው ሄድኩ። ቅዳሴ አልቆ ሰው ግቢው ውስጥ ተሰብስቧል። ስለት የሚቀበሉት ሽማግሌ ማይክሮፎን ይዘው ከጃንጥላ፣ ከምንጣፍ፣ ከመጋረጃ ክምር አጠገብ ተቀምጠዋል። ጧፉን ሰጠኋቸው። አጭር መሆኑን አዩና ገባቸው።

«የልጅ ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ የልጅ ነው» አልኩ። አልዋሸሁም።

ማይክሮፎኑን ወደ አፋቸው አስጠጉ። «አንድ ወንድማችን የልጅ ስለት አስገብተዋል። እመቤታችን ለለመኗት ሁሉ ትስጥ።»

ሴቶቹ እልል አሉ። እልልታው ከአንዱ ጥግ ተነሥቶ ግቢውን ሞላው፤ ካህናቱ የቆሙበት ድረስ ደረሰ። አይደለም፣ ሞታለች፣ ልጅም የለም ልል ነበር። ለማን ይባላል? ባለቤቴ ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው እልልታ ይህ ነበር፤ መጣ፣ እኔ ብቻዬን ቆሜ ሰማሁት። የግንቡን አጥር ያዝኩ።

አጠገቤ የቆሙ አንዲት ባልቴት እጄን ጨብጠው ያዙኝ።

«እንኳን ማርያም ደስ አሰኘችዎ። የልጅ ልጅ ነው?»

«የባለቤቴ ስለት ነው» አልኳቸው።

«ወንድ ነው ሴት?»

ላስረዳቸው አፌን ከፈትኩ። ደስ ብሏቸው እያዩኝ ነው፤ እጄን አልለቀቁትም።

«ሴት ናት» አልኳቸው።

«ማርያም ታሳድግልዎ።»

«አሜን» አልኩ።