የአንሶላው ወዲያኛው ጫፍ

እማማ ካውያ ግራ እጇን ሞቅ ባለው አንሶላ ላይ አሳርፋ በቀኟ ካውያውን ትገፋለች። ከዓይኖቿ ይልቅ እጆቿን ታምናለች፤ ስፌቱ የቱ ጋ እንደተኮማተረ፣ እርጥበቱ የቱ ጋ እንደቀረ በመዳፏ ታውቀዋለች። የምትሠራው በዩኒቨርሲቲው የቋንቋ ተማሪዎች ማደሪያ ምድር ቤት ውስጥ ነው። መስኮቱ ከእግረኛ መንገዱ እኩል ስለሆነ የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው የሚታያት። እውነተኛ ስሟን የሚያስታውስ ሰው የለም፤ ዘበኛው በቀልድ ያወጣላት ስም ጸንቶ ቀርቷል።

ያ ማደሪያ እንደሌሎቹ አይደለም። በሩን አልፎ የገባ ተማሪ አፉን የፈታበትን ቋንቋ ከደጅ ትቶ ነው የሚገባው። በልቶ፣ ታጥቦ፣ ተጣልቶ፣ ታርቆ የሚያድረው ከባሕር ማዶ ባለው በዚያ ትልቅ አገር ቋንቋ ብቻ ነው። ሕጉን ደጋግሞ የጣሰ ሻንጣውን ይሸክፋል። ሠራተኞቹ ባይከለከሉም፣ ልጆቹን በእኛው ቋንቋ እንዳያናግሯቸው ተለምነዋል።

መጀመሪያ ሰሞን ነገሩ የጥጋብ መስሏት ነበር። ኋላ የትምህርቱ ኃላፊ፣ ድምፀ ለስላሳዋ ሴትዮ፣ ሠራተኞቹን ሰብስባ አስረዳቻቸው።

"የባቡር ሐዲዳችንን የሚዘረጉት፣ መድኃኒት የሚልኩልን እነዚያ ሰዎች ናቸው" አለች። "እስካሁን ውል ስንዋዋል የሚያስተረጉምልን ከእነሱው ወገን የመጣ ሰው ነው።"

"ይኼማ ሚዛኑን ሻጩ ራሱ ሲያነብልን ማለት ነዋ" አለች ምግብ ሠሪዋ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እማማ ካውያ ልጆቹን በሌላ ዓይን ታያቸው ጀመር። ጢም ያበቀሉ ወንዶች፣ ለአቅመ ሔዋን የደረሱ ሴቶች መጥተው በሳምንቱ ሕፃን ይሆናሉ። ፎጣ ሲፈልጉ ፊታቸውን በመዳፋቸው ይጠራርጋሉ፣ ሳሙና ሲያምራቸው እጃቸውን ያሻሻሉ። አንድ ደንዳና ልጅ ብርድ ልብስ እንዲጨመርለት ፊቷ ቆሞ እንደ ቅጠል ተንቀጥቅጦላታል። ወራት አለፍ ሲሉ ደግሞ እነዚያው ልጆች በዚያው ቋንቋ በኮሪደሩ ሲቀላለዱ ትሰማለች። ማን መቼ እንዳስገባላቸው ሳታይ ቃሉ ከአፋቸው ይፈልቃል። ካውያውን አቁማ የምታዳምጥበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ያደገ ሰው እንደገና አፍ ሲፈታ የመስማት ዕድል ለስንቱ ይደርሳል?

ዘንድሮ የገዛ ልጅ ልጇ ገባች። ቤተሰቡ "ወፌ" የሚላት ገና ዓይኗን ሳትገልጥ ወሬ ስለምትጀምር ነው። ያደገችው አያቷ እጅ ላይ ነው። አሁን በአንድ ጣሪያ ሥር እየዋሉ አይነጋገሩም።

ግን ዘዴ አላጡም። አንሶላ ለማጠፍ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ወፌ ከትምህርት ስትመለስ ምድር ቤት ወርዳ ወዲያኛውን ጫፍ ትይዝላታለች። ይራራቃሉ፣ ይወጥሩታል፣ ይቀራረባሉ፣ ጫፉን ሲቀባበሉ ጣታቸው ይነካካል። አያቷ ጨርቁን ሳብ ስታደርገው "እንዴት ዋልሽ?" ማለቷ ነው። ወፌ መልሳ ሳብ ታደርገዋለች።

ሰሞኑን ግን መልሱ እየላላ መጣ። ልጅቷ ፊቷ ገረጣ። "ማዕድ ላይ ሌሎቹ ስቀው ሲጨርሱ ነው እሷ የምትስቀው" አለች ምግብ ሠሪዋ፣ አዝና። የዛሬ ጠዋት ደግሞ የወፌ እናት ለአያቲቱ ደወለች።

"እማዬ፣ ልጄን ድዳ አድርገው ሊመልሱልኝ ነው።"

"የምን ድዳ ነው የምትዪው? ጊዜ ይፈልጋል እንጂ።"

"በእረፍት ቀኗ ከግቢ ወጥታ ደውላ ስታለቅስ ነው የዋለችው። 'ከሁሉም ደንቆሮዋ እኔ ነኝ' ትለኛለች። ስሚኝ፣ የሂሳብ አያያዝ ክፍሉ እስከ ዓርብ ይቀበላታል። አንቺ እዚያው ነሽ፣ ዛሬውኑ ለኃላፊዋ ንገሪና ትልቀቃት።"

"እሷስ ምን አለች?"

"'እኔ አፍራለሁ፣ እማማ ከነገረችልኝ እወጣለሁ' ብላኛለች። በቃ፣ ያንቺን አፍ ነው የምትጠብቀው።"

እማማ ካውያ ደግሞ ሰው ፊት ቆሞ መናገር ሞቷ ነው። ቢሆንም መልካሙን ሹራቧን ከቤቷ ይዛ መጥታ በሩ ጀርባ ካለው ምስማር ላይ ሰቀለች፤ አንሶላው ሲያልቅ ለብሳው ፎቅ ልትወጣ። ኃላፊዋን ማነጋገር እንደምትፈልግም ለጸሐፊዋ በዘበኛው በኩል አስነገረች። ቀኑን ሙሉ "የኔ እመቤት፣ ስለ ልጅቷ ነው አመጣጤ…" እያለች ለካውያው ስትለማመድ ዋለች።

ወፌ እንደወትሮዋ ወረደች። አያቷ ካውያውን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አቁማ የመጨረሻውን አንሶላ አነሳች። ሳብ አደረገችው። ከወዲያ ማዶ መልስ የለም። ልቧ ከሚለማመደው ንግግር ጋር ስለነበረ ወደ ኋላ ስትራመድ የካውያው ገመድ ተረከዟን እንደያዘው አላወቀችም።

ያን ጊዜ ወፌ ጮኸች።

አጭር፣ ከጉሮሮ የሚነሳ፣ መጨረሻው እንደ ምላጭ የሰላ ቃል ነበር። እማማ ካውያ ትርጉሙን አታውቀውም፤ ሰውነቷ ግን ዘሎ ሸሸ። ካውያው እግሯ ከነበረበት ቦታ ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ጮኸ፤ የተጠበሰ አቧራ ሸተተ።

ኮሪደሩ ላይ የነበሩት ልጆች ተንጋግተው መጡ። ቀድሞ የደረሰው ያ ደንዳናው ልጅ ነበር፤ ካውያውን በባዶ እጁ ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ወፌ ገሠጸችው። እሱ የሆነ ነገር መለሰ። እሷ ሶኬቱን እየነቀለች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ እሱ ሳይጨርስ አራት እጥፍ አድርጋ መለሰችለት። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ወፌ ራሷ ከሁሉም ቀድማ ሳቀች፤ ከዚያ ያደረገችው ገና የገባት ይመስል አፏን በመዳፏ ያዘች።

አያቷ ግድግዳውን ተደግፋ ታዳምጣለች። አንድም ቃል አልገባትም፣ ዜማውን ግን ታውቀዋለች። ወፌ ልጅ ሳለች ሊጥ የነካ ድመት የምትቆጣበት፣ እናቷን አፍ የምታስይዝበት ያው ዜማ ነው።

"እማማ" አለ ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ፣ "ልጅቷ አትናገርም ስትሉ፣ ይኼን ሁሉ የት ደብቃችሁት ነው?"

ኃላፊዋም ወረደች። "ተቃጠሉ እንዴ፣ እማማ?"

"ኧረ አልነካኝም። ቅድም የጮኸችው… ምን ማለት ነው?"

"የዚያ አገር እናቶች ልጃቸው እሳት ሊነካ ሲል የሚሉት ነው።"

"እናንተ ናችሁ ያስተማራችኋት?"

"መጽሐፋችን ውስጥ የለም። ከፊልም ሰምታው ይሆናል፣ እንጃ።" ኃላፊዋ ወፌን ትክ ብላ አየቻት። "እኔ ይኼን ቋንቋ ሳስተምር ፀጉሬ ሸብቷል፤ ዛሬም ስደነግጥ 'ወይኔ' ነው የምለው።"

እማማ ካውያ እጇ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። ሲደነግጥ ማን አስቦ ይናገራል? ያ ቃል ልጅቷ ራሷ ከማታውቀው ሥፍራ ነው የመጣው። ሁሉም ድዳ ሲላት፣ እሷም ራሷን ደንቆሮ ስትል፣ ምናልባትም እዚሁ አንሶላ ይዛ ዝም ባለችበት፣ ቃሉ ወደ ውስጥ ሲወርድ ነበር ማለት ነው።

"ሊያነጋግሩኝ ፈልገው ነበር አሉኝ" አለች ኃላፊዋ።

ወፌ ከወለሉ ላይ የአንሶላውን ጫፍ አንስታ አያቷን ታያታለች። ሌላው ጫፍ አሁንም በአሮጊቷ ግራ እጅ ነው። ጨርቁ ተወጠረ፤ ከዚያ ከወዲያ ማዶ ሳብ ተደረገ። እንደገናም፣ ጠንከር ብሎ።

"ስለ ካውያው ገመድ ነው" አለች እማማ ካውያ። "ረዘመብኝ፣ ይታጠርልኝ ብዬ ነው።"

ኃላፊዋ ሄደች፤ ልጆቹም ተበተኑ። ሽርጧ ኪስ ውስጥ ስልኩ ይጠራል፤ ልጇ ናት፣ መልስ ትጠብቃለች። እማማ ካውያ ሁለት እጇን አንሶላ ይዞታል። ሹራቧም በሩ ጀርባ፣ ከምስማሩ ላይ፣ እንደተሰቀለ ዋለ።