ዳቦ ያልተቆረሰለት ስም

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ባለ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ነው። የመሥሪያ ቤቶች የሴቶች ውድድር ነበር፤ እኛ ከግብርና፣ ተጋጣሚዎቻችን መምህራን። ለቡድኑ የተመረጥኩት ስለምችል አይደለም። ኃላፊያችን አንድ ቀን በቢሮው በር ጎንበስ ብዬ ስገባ አየኝና “አንቺ አለሽ አይደል እንዴ” አለ፤ በዚያው ተመዘገብኩ። እምቢ ማለት ከመጫወት የበለጠ ንግግር ስለሚጠይቅ ዝም አልኩ።

ቁመቴ፣ ቁመት መደበቅ ከተቻለ፣ ስደብቀው የኖርኩት ነገር ነው። ትከሻዬን ሰብሰብ፣ አንገቴን ቀበር አድርጌ መሄድ ለምጃለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር የተነሣኋቸው ፎቶዎች ላይ ሁሉ የጠፋ ነገር ከመሬት የምፈልግ እመስላለሁ። መሐል ሜዳ ተመድቤ ከመጣሁ ገና ጥቂት ወራት ቢሆኑ ነው። ሥራዬ በየቀበሌው እየሄድኩ ስለ በግ መኖና ስለ በግ በሽታ ገበሬዎችን ማነጋገር ነው። አፌን ከፍቼ ካልተንተባተብኩ በቀር ሰው የሚስቅብኝ ነገር አልነበረም። እንዲሁ እንዲቀጥልልኝ ነበር የምፈልገው።

ችግሩ አስተዋዋቂው ነበሩ። አስተዋዋቂያችን የዕድር ለፋፊ ናቸው። በማለዳ ሜጋፎናቸውን ይዘው በየሰፈሩ እየዞሩ ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ የትና በስንት ሰዓት እንደሆነ የሚናገሩት እሳቸው ስለሆኑ፣ የከተማው ሰው ድምፃቸውን ሲሰማ አስቀድሞ ደረቱን ይይዛል። ለውድድሩ ሜጋፎን ሲፈለግ እሳቸው ተጠሩ፤ እሳቸውም ሜጋፎኑን ብቻ ሳይሆን አነጋገሩንም ይዘውት መጡ።

ኳስ ሲገባ “ላልሰማ አሰሙ” ይላሉ፤ ተመልካቹም “ሰምተናል” ይላል። ኳስ ሲሳት ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ነፍስ ይማር” ይላሉ። ጋቢና ባና የተከናነበው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ “ይማር” ይልና ወዲያው ይስቃል። ጥፋት ከተሠራ የዳኛው ፊሽካ ብቻውን አይበቃም፤ ሁለቱ ተጫዋቾች ትከሻ ተሳስመው “ይቅር ለእግዜር” እስኪባባሉ ድረስ እሳቸው ኳሱን በብብታቸው ይዘው ይቆማሉ። ስንት ለስንት እንደሆነ ግን ተናግረው አያውቁም። አንድ የስፖርት መምህር ይህንኑ ሊያሳስባቸው ቢሄድ፣ ቁጥሩ የመዝጋቢው ሥራ መሆኑን፣ የእሳቸው ሥራ የሆነውን ለሰው ማድረስ መሆኑን አስረድተው መለሱት። ውድድሩ የተጀመረ ሰሞን አንዲት እናት “ነፍስ ይማር” ሲባል ከቤታቸው ሰምተው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየተጣደፉ መጡና ማን እንደሞተ ጠየቁ። ኳስ መሆኑ ሲነገራቸው የማን ወገን እንደሆነ ጠይቀው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ አንድም ጨዋታ አላመለጣቸውም።

እኔ ከዚህ ሁሉ የምፈራው ስም ማውጣታቸውን ነበር። እሳቸው ዘንድ ተጫዋች በእናት አባቱ ስም አይጠራም። “አቀብይኝ፣ አቀብይኝ” የምትለዋን የሰው ኃይል ሠራተኛችንን “ገደል ማሚቶ” አሏት። ኳሱ ከሄደ በኋላ ሁልጊዜ ቦታው ላይ የምትደርሰውን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ደግሞ “ማግስት” አሏት። ስሞቹ ሜዳው ላይ አይቀሩም። ማግስት ገበያ ሄዳ ድንች ስትጠይቅ ሻጯ “ዛሬ መጣሽ እንዴ? ነገ ነበር የጠበቅንሽ” ብላታለች።

ተራዬ የደረሰው ጨዋታው ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ ነው። ከቅርጫቱ ሥር ቁሚ ተብዬ ነበርና ቆምኩ። ሌሎቹ ወዲያና ወዲህ ሲሯሯጡ እኔ እዚያው ነኝ። ነፋሱ ሹራቤን ያራግበዋል፤ እጄን የት እንደማደርገው አላውቅም። ከዚያ ሜጋፎኑ ወደ እኔ ዞረ።

“የግብርናዋ ምሰሶ ቆማለች። ላልሰማ አሰሙ።”

ሰማ፣ ሁሉም ሰማ። መጀመሪያ የመምህራኑ ደጋፊዎች ተቀበሉት፤ ምሰሶዋ እንደዘመመች፣ ጣራው ሊወርድ እንደሆነ፣ ባላ ፈልገው ሊደግፉኝ እንደሚገባ መከሩ። ቀጥሎ የገዛ ደጋፊዎቻችን፣ ያውም በፍቅር፣ “ምሰሶ፣ ቀጥ በይ” ማለት ጀመሩ። ቀጥ በይ ባሉኝ ቁጥር ይብስ ጎበጥኩ። በዓይነ ልቦናዬ የሚታየኝ ሜዳው አልነበረም። የሚታየኝ በሚመጣው ሳምንት የምሄድበት ቀበሌ ነው፤ ገበሬዎቹ በድንጋይ ካብ ላይ ተደርድረው፣ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ “ምሰሶዋ መጣች” ሲባባሉ። ስሙ ከእኔ ቀድሞ ከደረሰ እዚያ አፌን የምከፍትበት አቅም አይኖረኝም።

ዕረፍት ሲሆን እንደምንም ወደ እሳቸው ሄድኩ። በልቤ የተዘጋጀሁበት ክርክር ነበረኝ። በአገራችን ስም ዝም ብሎ አይወጣም፤ ስም የሚያወጣ ሰው ዳቦ ይቆርሳል። ልጆች እንኳ ቅጽል ስም ሲለጠፍባቸው አስቀድመው የሚጠይቁት ዳቦውን ነው። እሳቸው ግን ለመሥሪያ ቤት ሴት ሁሉ ስም አውጥተው ቁራሽ አላስቀመሱም። ስለዚህ ስሙ አልጸናም፤ ይመለስ። በቃ፣ ይህንኑ በትሕትና፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነግሬያቸው ልመለስ ነበር ያሰብኩት።

“ጋሼ፣ ዳቦ ሳይቆርሱ ነው እንዴ ስም የሚያወጡት?” አልኳቸው።

ሜጋፎኑን አልዘጉትም ነበር። ያን ጊዜም አፋቸው አጠገብ ሳይሆን ደረታቸው ላይ፣ ማለትም ልክ እኔ ጎንበስ ባልኩበት ቦታ ነበር። የገዛ ድምፄ ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ ተመልሶ ሲመጣ ሰማሁት።

ቀጥሎ የሆነውን ለመግለጽ ይከብደኛል። ሰው ሁሉ ጥያቄውን የራሱ አደረገው። ከየአቅጣጫው ዳቦው ተጠየቀ። ስም የወጣላቸው ተጫዋቾች ተነሥተው ከበቧቸው፤ ማግስት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሁሉ ቀድማ ደረሰች። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የመጡት እናት ከተቀመጡበት ሆነው፣ ለተመልካቹም እንዲተርፍ ዳቦው በዛ ብሎ እንዲጋገር አሳሰቡ። ሰውዬው ዕድሜ ልካቸውን ሌላውን ለግዴታው ሲጠሩ የኖሩ ናቸው፤ ለራሳቸው ግዴታ ሲጠሩ ግን የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም። ጉሮሯቸውን ጠረጉና በሜጋፎኑ ለሕዝቡ ተናገሩ። ያለ ዳቦ የወጣ ስም ዕዳ መሆኑን አመኑ። ሌሎቹ ስማቸውን ለምደውታልና ቀስ ብሎ ይደርሳቸዋል፤ ቅድሚያ ግን ለጠየቀችው ለምሰሶ ነው፤ ነገ ከቅዳሴ መልስ።

ያኔ ነው የሠራሁት ስሕተት የገባኝ። ስሙን ላስነሣ ሄጄ ቀጠሮ አስይዤለት መጣሁ። ዳቦው ከተቆረሰማ ምን ብዬ ልከራከር ነው?

በሁለተኛው አጋማሽ ተሸነፍን፤ በስንት እንደሆነ የመዝጋቢው ነገር ነው። መጨረሻው ላይ ኳስ ደረሰኝ፤ የሚጠጋኝም ሰው ስላልነበረ ወረወርኩ። ነፋሱ ወደ ግራ ወሰደብኝ። “ነፍስ ይማር” አሉ፤ ሰዉም አንገቱን ደፋ። የመምህራኑ ደጋፊዎች ግን ቀና ሲሉ “አይዞሽ ምሰሶ” አሉኝ፤ ሳቄ አመለጠኝ።

ወደ ቤት ስመለስ አከራዬ በር ላይ ነበሩ። እኚህ ሴት ከመጣሁ ጀምሮ “ልጅት” ነበር የሚሉኝ፤ ልጅት፣ በሩን ዝጊው፤ ልጅት፣ ውኃ መጥቷል። ያን ዕለት ግን ኳስ ሜዳ ሳይሄዱ ሁሉን ሰምተው ጠበቁኝ።

“ምሰሶዬ፣ ተሸነፋችሁ አሉ። ነይ ግቢ፣ ሽሮ አለ።”

ገባሁ። ሽሮውን እየበላን ስለ ጨዋታው አንድ በአንድ አስተረኩኝ፤ ስለ ሜጋፎኑ ስነግራቸው ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ። ያን ያህል ያወራሁበት ምሽት መሐል ሜዳ ውስጥ አልነበረኝም። ስነሣ፣ ይቅርታ ጠይቀው፣ ትክክለኛ ስሜ ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔም በእነዚያ ወራት ሁሉ ነግሬያቸው እንደማላውቅ ያን ጊዜ ታወሰኝ።

በማግስቱ እሑድ፣ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ፣ የቤቴ በር ተንኳኳ። አስተዋዋቂው ነበሩ፤ ከኋላቸው ባለቤታቸው በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ታቅፈው ቆመዋል። ሜጋፎኑ የለም። ያለ ሜጋፎን ድምፃቸው ቀጭንና ለስላሳ ነው፤ ጆሮዬን ማስጠጋት ነበረብኝ። ሌሊት ሲያስቡ እንዳደሩ ነገሩኝ። እስከ ዛሬ ለስንት ሰው ስም ሲያወጡ፣ ወደደው ወይስ ጠላው ብለው ጠይቀው አያውቁም።

“እንግዲህ ልጄ፣ ዳቦው ይኸው። ስሙን ካልወደድሽው አትቅመሺው፤ እኔም ነገ ማለዳ ዞሬ ተሽሯል ብዬ እለፍፋለሁ።”

ባለቤታቸው ከኋላ ሆነው፣ ዳቦው ግን በስም ጉዳይ ሳይበላ እንዲቀር እንዳልተጋገረ ጣልቃ ገብተው አስታወቁ።

ተሽሯል ተብሎ በየሰፈሩ ሲለፈፍ፣ የከተማው ሰው ደረቱን ይዞ ከእንቅልፉ ሲነቃ ታየኝ። የመጪው ሳምንት ቀበሌም ታየኝ። ገበሬዎቹ ካቡ ላይ ተደርድረው “ምሰሶዋ መጣች” ይሉኛል፤ ይበሉኝ። እኔም መጣሁ እላቸዋለሁ፤ ቢያንስ ንግግሬን የምጀምርበት ነገር አገኘሁ ማለት ነው።

ከአከራዬ ቢላ ተውሼ ለሰውዬው ሰጠኋቸው። አማተቡ፣ ስሙን ያጽናልሽ ብለው መረቁ፣ ቆረሱ። መጀመሪያ ለእኔ ሰጡኝ። ቀጥ ብዬ ቆሜ በላሁት ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን የቤቴ በር ዝቅተኛ ነው፤ ውጪ ደግሞ ብርዱ አያስቆምም። ጎንበስ እንዳልኩ በላሁት፤ ሁለተኛም ቁራሽ ጠየቅኩ።