ሁለት ደቂቃ ለሂቦ ፍየሎች

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ስር ካለች ጭማቂ ቤት ተቀምጬ ቴሌቪዥን አያለሁ። የዓለም ኢኮኖሚ ጉባኤ ነው አሉ፤ መሪዎቹ ለፎቶ ተደርድረው ይሳሳቃሉ። የፓፓያ ጭማቂዬን ገፋ አደረግኩት። እኔም በወጣትነቴ እንዲህ ያለ ጉባኤ ላይ ተናግሬያለሁ። ሰው ስነግረው ይደነቃል፤ እኔን ግን ያንገበግበኛል።

ያኔ በአንድ በጎ አድራጎት ቢሮ አስተርጓሚ ነበርኩ። ሂቦ የምትባል፣ ከድሬ ወጣ ብሎ ካለው ከቢዮ አዋሌ የመጣች ፍየል አርቢ ስለ ድሆች እንድትናገር ተመረጠች። ኤምባሲው ግን ቪዛ ከለከላት፤ ለመመለሷ ዋስትና የሚሆን ንብረት የላትም ተባለ። ፍየሎቿን ማን ንብረት ብሎላት! መልእክቷን እኔ እንዳደርስ ተወሰነና በዚያ ሐሩር፣ በጭነት መኪና ላይ አቧራ እየጠገብኩ ሄድኩላት።

በፍየል ወተት የፈላ ሻይ ሰጠችኝ። ጉዳይዋ አጭር ነበር። ባሕር ማዶ ያሉት ከብት ገዢ አገሮች ፍየሎቻችን በሽታ አለባቸው ብለው ገበያውን ዘግተውብናል፤ ሐኪም ልከው ይዩልን፣ ጤነኛ ከሆኑ ይክፈቱልን። ዝናቡ ቀርቷል፤ ካልተሸጡ ማለቃቸው ነው።

«ግን ወሪያ፣ ስማ አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ ሰላም በላቸው» አለችኝ። «ልጆቻቸውን ጠይቅ፣ ከብቶቻቸውን ጠይቅ፣ አገሩ ዘንቦ እንደሆነ ጠይቅ። ሰላም ሳይል ጉዳይ የሚያወራ ሰው ማን ይሰማዋል? ወላሂ እንዳትዘል!»

«አልዘልም፣ ኤዶ» አልኳት። በሶማሊኛ አክስቴ ማለት ነው።

አልዘለልኩም። የተሰጠኝ ሁለት ደቂቃ ነበር። ልጆቻቸውን፣ ከብቶቻቸውን፣ ዝናባቸውን ጠይቄ ሳበቃ ደወሉ ጮኸ፤ ማይኩ ተዘጋ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አንዲት ሴትዮ እጄን ይዛ «እንዴት ያለ ውብ ባህል ነው!» እያለች ወደ ምሳው ወሰደችኝ። በላሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ደስም ብሎኝ ነበር።

ስመለስ ሂቦ መንገድ ዳር ጠበቀችኝ።

«ምን መለሱ?»

«አጨበጨቡ።»

«ስለ ፍየሎቹስ?»

«እዚያ አልደረስኩም፤ ሰዓቱ አለቀ።»

«የእኛስ ልጆች ደህና ናቸው ወይ ብሎ የጠየቀህ የለም?» አለች።

አልነበረም። በዚያው በጋ ፍየሎቿ አለቁ፤ እሷም ድሬ ገብታ የሰው ልብስ አጣቢ ሆነች።

እኔን ግን ያ ሰላምታ አስወደደኝ። ሌላ ጉባኤ ጠሩኝ፣ ከዚያም ሌላ። እያሳመርኩት ዓመታት ኖርኩበት፤ ልጆች አሳደግኩበት። አሁን ሳስበው ደወሉን ለመውቀስ አፍ የለኝም። የመጀመሪያ ቀን ሁለት ደቂቃ ብቻ ነበረችኝ። በኋላ ግን ግማሽ ሰዓት እየሰጡኝም ስለ ፍየሎቹ አንድም ቀን ትንፍሽ አላልኩም፤ ሰዎቹን ምን ደስ እንደሚላቸው አውቄ ነበር።