የረጋ እርሳስ

ከማተሚያ ቤቱ የወሰዱኝ ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ የእጄን ቀለም እንኳ እንድታጠብ አልፈቀዱልኝም። በራሪ ወረቀት አትመሃል አሉኝ። አላተምሁም። ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር፤ ሽታው ጉሮሮ ይከረክራል፤ ግድግዳው ከሐይቁ እርጥበት የተነሣ ሁልጊዜ ያልበዋል።

ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። ከአሮጌ ሰሌን ላይ ክር እየመዘዘ ትንሽ ሙዳይ ይሰፋል። የደንገል ታንኳ ሠሪ ነኝ አለኝ፤ የማይታወቁ ሰዎች አሻግረሃል ተብሎ ነው የገባው። የማን ወገን እንደ ሆነ ወዲያው ገባኝ፤ በሐይቁ ዳር ታንኳ እየሠሩ ከሚኖሩት ከነገደ ወይጦ ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ልጆቼን «ሰው ሁሉ የእግዚአብሔር ፍጥረት ነው» እያልሁ ነው ያሳደግሁት። ልጄ ምሳ ስታመጣልኝ ግን ከእንጀራው ቆርሼ፣ በፌስታል ላይ አድርጌ ወደ እርሱ ገፋሁለት። በእኛ ዘንድ ከእነርሱ ጋር ከአንድ ገበታ አይበላም። ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም። እርሱም «አላህ ይስጥልኝ፣ ጋሼ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ በላ።

ዐርብ ለምርመራ ጠሩኝ። መርማሪው ገና ወጣት ነው፤ ወንበር ስቦ ሰጠኝ።

«አባቴ፣ እሑድ ልጅዎ ትዳራለች አሉ።»

«አዎ።»

«እንግዲያው ይፈርሙና ነገ ቤትዎ ይግቡ። ሙሽራ አባቷ አጠገቧ ሲቆም ነው የሚያምርባት።»

ወረቀቱን ገፋ አደረገልኝ። የእምነት ቃል ነው። ሁሉም ተጽፎ አልቋል፤ ለስሜ ብቻ ባዶ መስመር ተትቷል። ከሥሩ ሌሎች ቅጂዎች ተደርድረዋል። ዕድሜዬን በሙሉ አታሚ ነኝና ገልብጬ ለማየት ጊዜ አልፈጀብኝም፤ ቃል በቃል አንድ ናቸው።

«ይህን የተናገርሁት መቼ ነው?»

«እናንተ አታሚዎች ያው ናችሁ፤ አንዱን መስማት ሁሉን መስማት ነው።»

«ልጄ» አልሁት፣ «እኔ ጀማሪ ሳለሁ ከእርሳስ የተሠራ ፊደል አንድ በአንድ እየለቀምን ነበር የምናትመው። ደጋግሞ የሚታተም ቅጽ ሲሆን ግን የተለቀመውን ቅርጽ በእርጥብ ካርቶን እናነሣና የቀለጠ እርሳስ እናፈስበታለን። ይረጋል። ከዚያ ወዲያ አንድ ፊደል ስህተት ቢሆን ነቅለህ አትለውጠውም፤ ሺህ ጊዜ ያንኑ ስህተት ያትማል። አለቃችን ስቴሪዮታይፕ ይለው ነበር። ከግሪክ የመጣ ቃል ነው፤ የጠጠረ አሻራ ማለት ነው። ኋላ መጽሐፍ ሳገላብጥ፣ ሰውን ሳያውቁት በወገኑ ለሚሰጡት ፍርድም ይህንኑ ስም እንዳወጡለት አየሁ። ይህም ወረቀትህ እንዲያ ነው። ባዶ ወረቀት ስጠኝ፤ ቃሌን በራሴ እጅ እጽፋለሁ።»

«ሠርጉስ?»

ወረቀቱን መልሼ ገፋሁለት። «ልጄ የምትዳረው ስሜን ይዛ ነው።»

ባዶ ወረቀት ሰጠኝ። «በራሪ ወረቀቱን አላተምሁም» ብዬ ጻፍሁና ፈረምሁ። ወደ መጋዘኑ መለሱኝ።

ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። ለታንኳ ሠሪው ሁሉንም ነገርሁት፣ የእርሳሱን ነገር ጭምር። እየሰፋ ሰማኝ። ስጨርስ ፌስታሉን በአገጩ አመለከተኝ።

«እኔንስ፣ ጋሼ፣ በየትኛው እርሳስ ነው ያተሙኝ?»

«አባቴ እንዲህ ሲያደርግ አይቼ ነው» አልሁት።

«እንግዲያማ የቆየ እርሳስ ነዋ!» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ቅዳሜ ምሳ ይዛ ለመጣችው ልጄ በጠባቂው በኩል አንድ ቃል ላክሁባት፤ «የነገውን ሥጋ የሌለበት አድርጊው»። እርሱ ሙስሊም ነው፤ እኛ ያረድነውን አይበላም።

እሑድ ሽሮ መጣ። የሠርግ መኪኖች ጥሩምባ እያሰሙ ወደ ሐይቁ ዳር ሲያልፉ ይሰማናል፤ የልጄ ይሁኑ የሌላ አላውቅም። ሰሃኑን መካከላችን አስቀመጥሁ። የውሃውን ጆግ አነሣሁና እጅህን ዘርጋ አልሁት።

«ኧረ ጋሼ፣ ነውር ነው! እርስዎ ለእኔ?»

«ነውሩስ እስከ ዛሬ የሠራሁት ነው። ታጠብ።»

ከአንድ ሰሃን በላን። የመጀመሪያውን ጉርሻ እርሱ አጎረሰኝ። «ለሙሽራዋ» አለ።

ከሳምንታት በኋላ ሁለታችንንም ለቀቁን፤ ምክንያቱን የነገረን የለም። ሙዳዩን ሰጥቶኝ ተለያየን፤ ዛሬም ጠረጴዛዬ ላይ ናት። አለመፈረሜን ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ፤ እኮራበታለሁም። ያፈሰስሁለትን ውሃ ግን ለማንም አልተናገርሁም፤ ከእርሱ በፊት የነበረውን ፌስታል መናገር አፍሬ። ዛሬ ሳስበው ካለመፈረሜ ይልቅ የከበደኝ ያን ውሃ ማፍሰሱ ነበር። በዚያኛው የታገልሁት መርማሪውን ነው፤ በዚህኛው ራሴን።

ልጄ «በሠርጌ ቀን ሽሮ ያማረው አባት» እያለች ስትቀልድብኝ ኖራለች። ይህን ጽፌ መጀመሪያ የሰጠሁት ለእርሷ ነው። አንብባ ጨረሰች።

«አባዬ፣ ሰውየው አሁን የት ነው?»

«እዚሁ፣ ሐይቁ ዳር። ታንኳውን ይሠራል።»

«እሑድ ምሳ እኔ ዘንድ ይዘኸው ና።»

ነግሬዋለሁ፤ ይመጣል። ምሳው ሽሮ ነው።