የጀሪካኗ ታሪክ ለምን ተነሳ?

ይህ ይመዝገብልኝ። ስንት ቀን ለፍቼ የጻፍኩትን ታሪክ አንድ ሰው ሳይጠይቀኝ፣ ምክንያቱንም ሳይነግረኝ፣ ሰው እያነበበው ሳለ ከተለጠፈበት አንስቶታል። «አልወደድኩትም» ቢለኝ መብቱ ነበር። ያለ ምክንያት ማንሳት ግን በደል ነው፤ በደልን ደግሞ እኔ ዝም ብዬ አሳልፌ አላውቅም።

ነገሩ የጀመረው ልጄ አሮጌ ስልኳን የሰጠችኝ ጊዜ ነው። መንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠራ፣ የሁለት ልጆች እናት ናት። ስልኩን «ለመደወያ» ብላ ሰጠችኝ። እኔ ግን ሰዎች ታሪክ እየጻፉ የሚለጥፉበት ግሩፕ እንዳለ ሰምቼ ነበርና ካላስገባሽኝ ብዬ ያዝኳት። አስገባችኝ።

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ማንበቤ ግን አልቆመም። ካዛንቺስ አንድ መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ተላላኪነት ስሠራ ዕድሜዬን የሰው ደብዳቤ ስሸከም ኖሬያለሁ። ፖስታው ያልታሸገውን ሁሉ አንብቤዋለሁ። አሁን ብናገር ጡረታዬን አይነጥቁኝም።

በግሩፑ አንድ ነገር ከነከነኝ። የታወቁት ሲጽፉ ሰው ይንጋጋል፤ ላይኩም ሙገሳውም አይጣል ነው። አዲስ ገቢ ሲጽፍ ግን ዝር የሚል የለም። ሰው ያልገባበት ለቅሶ ቤት መሰለኝ። በሰፈራችን እንዲህ ያለ ነውር የለም፤ ድሃም ሞተ ሀብታም፣ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ይቀመጣል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሰው ያልጎበኘውን ታሪክ እየፈለግሁ ከሥሩ መጻፍ ጀመርኩ። «አማትየዋን ወድጃታለሁ፤ ባልየውን ግን ምን አፉን ዘጋው?» «መጨረሻውን ለምን አጣደፍሽው? ማን አባረረሽ?» በአንድ ጣት ስለምጽፍ አንዱን ኮሜንት እስክጨርስ ሻዬ ይቀዘቅዛል።

አንድ ቀን አንዲት ልጅ እናቷ እንደሞተችባት የጻፈችውን አነበብኩና አነባሁ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ። ቤታችሁ የት ነው? እመጣለሁ» ብዬ ጻፍኩላት።

«እማማ፣ ልብ ወለድ እኮ ነው!» ብላ መለሰችልኝ። «እናቴ አጠገቤ ናት፤ ሰላም ብላዎታለች።»

እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ በር ላይ ደርሻለሁ። ያልሞተን ሰው መግደል እንደሚፈቀድ ያን ቀን ገባኝ።

በግቢያችን ለስድስት ቤት አንድ ቧንቧ ነበረን። ውሃ ሲጠፋ ጀሪካኖቻችንን ደርድረን ወደየጉዳያችን እንሄዳለን፤ ጀሪካን ለባለቤቱ ወረፋ ይዞ ይቆማል። የማንንም ጀሪካን ማለፍ ሰውየውን እንደመግፋት ነው። ጎረቤቴ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ደርሷት ስትሄድ፣ እጀታዋ ላይ ቀይ ጨርቅ ያሰረችባትን ቢጫ ጀሪካን ረስታ ሄደች። እኔ ጎረቤቴን ገደልኳትና ጻፍኩ። በታሪኩ ሴትየዋ ከሞተች በኋላ ጎረቤቶቿ ጀሪካኗን ከወረፋ ለማውጣት እጃቸው እምቢ ይላል። ተራዋ ሲደርስም ሞልተው በሯ ላይ ያስቀምጡላታል።

ከመለጠፌ በፊት ለጎረቤቴ ደውዬ አነበብኩላት።

«ገደልሽኝ?» አለች።

«ለታሪኩ ነው።»

«በምን በሽታ?»

«አልጻፍኩም።»

«እንግዲያው ጻፊ! በድንገት በይ፤ ተኝታ ሰው አስቸገረች እንዳይሉኝ። ደግሞ ጀሪካኗ የኔ ናት፣ ላኪልኝ። እዚህም ውሃ ይጠፋል።»

ጠዋት ለጠፍኩት። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ብዙ ሰው ጻፈበት። ምሳዬን በልቼ ብመለስ ታሪኩ የለም። ልጄ ቢሮ ደወልኩላት።

«አድሚኑ አንስቶት ነዋ፣ እማዬ። ማለቴ፣ የግሩፑ ኃላፊ። ተይው በቃ፣ ኢንተርኔት እኮ ነው።»

«ኢንተርኔት ከሆነ ፍርድ የለበትም?»

አድሚኑ ራሱ ደራሲ ነው፤ ሰው ከሚንጋጋላቸው ዋናው። ለምን እንዳነሳው ጠየቅሁት። «ረዝሟል» አለኝ። ያንተ የኔን ሦስት እጥፍ ነው አልኩት። «እርስዎ አልጻፉትም ብለው የሚጠረጥሩ አሉ» አለኝ። እነማን ናቸው? ብዬ ብጽፍለት ዝም።

ዝም ያለን ኃላፊ እንዴት እንደሚያናግሩት መዝገብ ቤት ተምሬያለሁ። በወረቀት ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ፎቶ አንስቼ ግሩፑ ላይ ለጠፍኩት። «ለግሩፑ አድሚን። ጉዳዩ፦ የጀሪካኗ ታሪክ የተነሳበት ምክንያት እንዲገለጽልኝ ስለመጠየቅ።» ከታች ደግሞ «ግልባጭ፦ ለአባላት በሙሉ» አልኩበት።

መጀመሪያ የመጣችው ያቺ እናቷ ያልሞተችባት ልጅ ናት። «ግልባጩ ደርሶኛል» ብላ ጻፈች። ከሥሯ አንዱ «ደርሶኛል» አለ። ሌላዋ «ለእኔም ደርሶኛል» አለች። ማን አባረረሽ ያልኳት ደግሞ «ሰው ባጣሁ ጊዜ እማማ መጥተውልኛል፤ ምክንያቱ ይነገራቸው» አለች። እንዲህ እያለ እስከ ማታ ወረደ፤ ጠዋት ጠዋት የዞርኩባቸው ሁሉ ብድር መለሱ። ጎረቤቴ ሳትቀር በልጇ ስልክ ገብታ «ሟቿ እኔ ነኝ። ለኔም ይገለጽልኝ» ብላ ጻፈች።

በማግስቱ አድሚኑ እንገናኝ አለኝ። ካዛንቺስ አንድ ጁስ ቤት ተቀጣጠርን። በምሳ ሰዓቱ ከስታዲየም አካባቢ በእግሩ መጥቶ ተቀምጦ ጠበቀኝ፤ ባጅ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ የቢሮ ሠራተኛ ነው። ብድግ ብሎ ወንበር ሳበልኝ።

«ታሪኩን መልሼዋለሁ፣ እማማ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ይቅር ብያለሁ። እኔ የጠየቅሁት ግን ምክንያቱን ነው።»

«ማለቴ… ሲስተሙ ላይ አንዳንዴ…»

«ልጄ፣ ‹ፋይሉ ጠፍቷል፣ ነገ ይመለሱ› እያልኩ ሰው ስመልስ የኖርኩት እኔ ነኝ። ለኔ አትንገረኝ።»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው። የአቮካዶውን ብርጭቆ አዞረ፣ መልሶ አዞረ። ስንት ሰው ግልባጭ ደርሶት መልስ እንደሚጠብቅ ላስታውሰው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«እኔ ካዛንቺስ ነው ያደግሁት» አለ። «እናቴ ጀሪካን አሰልፋ ነው ያሳደገችኝ። ይህን ያህል ዓመት ስጽፍ እሱን መጻፍ አንድም ቀን ትዝ አላለኝም። የእርስዎን ሳነብ… ቀንቼ ነው፣ እማማ።»