ከምድር የመጣ መልስ

«የተሳለን ነገር መቅረጽ ምን ያቅታል?» ያልኩት እኔው ነኝ። ጅቡቲ ሳለሁ የካርቲየ 7 ቢስ ሰፈር ጎረቤቴ ኢድሪስ የሳለውን ኮሚክ መጽሐፍ አጭር ፊልም ልናደርገው ተነሳን። ታሪኩ ገና በሚመጣ ዘመን የሚሆን ነው። አንድ ሰው የጠፈር መንኮራኩር ውስጥ ብቻውን ሆኖ ምድር ላይ የቀረችውን ልጁን ይጣራል፤ የሚመልስለት የለም። በቃ፣ እዚያ ላይ ያልቃል።

መንኮራኩር በወረቀት ላይ ቀላል ነው። እኛ ያገኘነው ግን ዶራሌ ወደብ ጭነት ለመጫን ተራ የሚጠብቁትን የሾፌሩን የጋሽ ተፈራን ከባድ መኪና ነበር። ጋቢናው መንኮራኩር፣ እሳቸው ዋና ተዋናይ ሆኑ። የገዛ ስልካቸውን በፎይል ጠቅልለን፣ የወደፊቱ ዘመን መገናኛ ነው ብለን ክንዳቸው ላይ አሰርንላቸው። የመኪናው ሰልፍ በተንቀሳቀሰ ቁጥር መንኮራኩራችን ቀረጻ አቋርጦ ወደፊት ይጠጋል፤ የጋሽ ተፈራ ፊት ግን ወይ ፍንክች!

«ጋሽ ተፈራ፣ ልጅዎ እኮ ናፍቃዎታለች!» አልኩ ትዕግስቴ አልቆ።

«የሌለች ልጅ እንዴት አድርጋ ትናፍቀኛለች?»

«እንግዲያው የራስዎን ልጅ ያስቧት!»

እሳቸውም የፎይሉን ጫፍ ገለጥ አድርገው ስልኩን ነካ ነካ አደረጉ፤ ትወና መሰለኝ። ከዚያ ክንዳቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«ማሚዬ…» ድምፃቸው ተሰበረ። «ማሚዬ፣ ትሰሚኛለሽ?»

አማርኛ የማይሰማው ኢድሪስ እንኳ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔም ካሜራዬን ይዤ፣ ኮሚኩ ላይ እንዳለው መልስ የሌለውን ዝምታ ጠበቅኩ።

ከፎይሉ ውስጥ አንዲት ሕፃን ጮኸች፦

«አባዬ! ምሳ በላህ?»