የእናንተ ጭስ የትኛው ነው?

የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪነት የተማርኩት ራዳር ፊት ተቀምጬ ነው። ቆቦ ስደርስ የተሰጠኝ ግን የእጅ ሬዲዮና ድንኳን ነበር። አንበጣ ራያን ስለወረረው ከከተማው ወጣ ያለ የአፈር ሜዳ ማረፊያ ሆኗል። «ማማው የታለ?» ስል አለቃዬ ሳቁና «አንቺ ነሻ!» አሉኝ።

ሄሊኮፕተሩ ጂፒኤስ አለው። መድኃኒት የምትረጨው ትንሿ አውሮፕላን ግን ከኮምፓስና ከሬዲዮ በቀር ምንም የላትም፤ ሽማግሌው ካፒቴን መንገድና ወንዝ እያዩ ነው የሚያበሯት። እኔ ሁለቱንም የማያቸው በጆሮዬ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለቱም አየር ላይ ሳሉ ከአፋር በኩል አቧራ ተነሳ። ነፋሱ ቢቆምም አቧራው ሜዳው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

የሄሊኮፕተሩ አብራሪ «ልውረድ?» አለ።

«ዋጃ ከተማ ላይ ከፍ ብለህ ጠብቅ።»

«የኔ እኮ መሣሪያ ሙሉ ነው! ለምን እኔ እጠብቃለሁ?»

«ሙሉ ስለሆነ ነዋ!» አልኩት፤ ደሜ ፈልቷል።

የካፒቴኑ ድምፅ ረጋ ብሎ መጣ። «ልጄ፣ መሬት አይታየኝም። ነዳጄም እያለቀ ነው።»

የሜዳው ዘበኛ አያ ዑመር አጠገቤ ቆመው ይሰማሉ። «እህትዓለም፣ አቧራው ዝቅ ያለ ነው፤ ጭስ ይበልጠዋል» አሉና የማሽላ አገዳ ከምረው፣ እርጥብ ቅጠል ጭነው ለኮሱት። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣ።

ራያ ላይ ግን ጭስ ማለት አንበጣ መጣ ማለት ነው። ያየው ገበሬ ሁሉ አንበጣውን ለማባረር የየራሱን ለኮሰ።

«ጭስ አየሁ» አሉ ካፒቴኑ። «ኧረ በየቦታው ነው! የእናንተ የትኛው ነው?»

አያ ዑመር ራሳቸውን ያዙ፤ «ያ ረቢ! ሰዉ እኮ አንበጣ መስሎት ነው!»

ያኔ ዋጃ ላይ ያኮረፈው የሄሊኮፕተር አብራሪ ትዝ አለኝ። «ከፍታህን ሳትለቅ ወደኛ ና። ሜዳችንን በጂፒኤስህ ፈልገህ የኛን ጭስ ለካፒቴኑ አሳያቸው።»

ኩርፊያውን ረሳው። «ካፒቴን፣ ከአስፋልቱ በስተምሥራቅ፣ ነጠል ብሎ የቆመው ነው። እኔ ከበላይዎ ነኝ፤ አልወርድም።»

ትንሿ አውሮፕላን ከአቧራው ውስጥ ብቅ ብላ መሬት ስትነካ አያ ዑመር «አልሐምዱሊላህ!» ብለው ተንበረከኩ። እኔ አለቀስኩ።

ሄሊኮፕተሩ ገና ከላይ ነበር። «ይህን ብታዪ!» አለኝ። «እስከ ጎብዬ ድረስ አገሩ በሙሉ ጭስ አቁሟል።» አቧራው ሲረግብ እኔም አየሁት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰማይ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያስደነቀኝ የለም።

ኋላ ራዳር ባለበት ማማ ዕድሜዬን ጨረስኩ። አዲስ የሚገቡ ተቆጣጣሪዎች «ለምን ባለ ሙሉ መሣሪያው ይጠብቃል?» ይሉኛል። መጠበቅ የሚችለው እሱ ስለሆነ ነው።